ፋክተሩ ጎደለ ወይስ ታገደ?

ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት የሞላ አንድ አዛውንት በዐይነ ኅሊናችን እንሳል። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ጥርስ አስነቅለዋል፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናም ተደርጎላቸዋል፤ በሁለቱም ጊዜ ደማቸው እንደማንኛውም ሰው ቆሟል። ከዘመዶቻቸው መካከልም ደም አልቆም ያለው ሰው አይታወቅም። አሁን ግን ሳይወድቁና ሳይመቱ ክንዳቸውና ጭናቸው ጠቁሮ አብጧል። ለሰባ ዓመት ያለ ችግር ሲረጋ የኖረ ደም ዛሬ ምን አገኘው? በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው።

የደም ሥር ሲቆረጥ በመጀመሪያ ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተሰብስበው ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍኑታል። ከዚያም በፕላዝማ፣ ማለትም በፈሳሹ የደም ክፍል ውስጥ የሚገኙ «ፋክተር» የተባሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እያነቃ ፋይብሪን የተሰኘውን መረብ ይሠራሉ። ከእነዚህ መካከል ፋክተር 8 የፋክተር 9 አጋዥ ነው፤ እርሱ ከሌለ ፋክተር 9 ፋክተር 10ን የሚያነቃው እጅግ በዝግታ ስለሚሆን መረቡ ሳይጠነክር ይቀራል።

ፋክተር 8 ሥራውን የሚያቆምባቸው ሁለት ዐበይት መንገዶች አሉ። አንደኛው በዘር የሚተላለፈው ሄሞፊሊያ ኤ ሲሆን፣ የዘረመሉ ጉድለት በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ በአብዛኛው ወንዶችን ያጠቃል፤ ከልጅነት ጀምሮም በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ደም ያፈስሳል። ሁለተኛው ያልተወረሰው ሄሞፊሊያ ነው። በዚህኛው ዘረመሉ ጤናማ ነው፤ ሰውነትም ፋክተሩን ይሠራል። ይሁንና ጀርሞችን እንዲዋጋ የተሰናዳው የመከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን ፋክተር 8 እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርትበታል። ደሙም በአብዛኛው ከቆዳ ሥርና በጡንቻ ውስጥ ይፈስሳል እንጂ ወደ መገጣጠሚያ መግባቱ እምብዛም አይደለም።

ሕመሙ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች መካከል አንድ ሰው ያህል ብቻ የሚይዝ ብርቅ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 በ13 የአውሮፓ አገሮች የተመዘገቡ 501 ሕሙማን የተጠኑ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉም ምክንያቱ አልታወቀላቸውም። በቀሩት ላይ እንደ ሉፐስ ያሉ ራስን የሚያጠቁ ሕመሞች፣ ካንሰር ወይም እርግዝና ተገኝተዋል። እንደ አገራችን አብዛኛው ሕዝብ ወጣት በሆነበት ምድር በተለይ ልብ ልንለው የሚገባን የመጨረሻው ነው። አንዲት እናት ከወለደች ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ደም ሲፈስሳት ነገሩ ሁሉ የወሊድ ጣጣ ተደርጎ ሊታለፍ ይችላልና።

ታዲያ የጎደለውን ከታገደው በምን እንለየዋለን? ፒ.ቲ. እና ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. የተባሉት ሁለቱ የተለመዱ ምርመራዎች ፕላዝማ በስንት ሴኮንድ እንደሚረጋ ይለካሉ። ፋክተር 8 የሚሳተፈው በሁለተኛው ብቻ በመሆኑ፣ በዚህ ሕመም ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. ሲረዝም ፒ.ቲ. እንደወትሮው ይሆናል። ቀጣዩ እርምጃ የቅልቅል ምርመራ ነው። የሕመምተኛው ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል ለእኩል ተደባልቆ እንደገና ይለካል። ችግሩ ጉድለት ከሆነ ከጤነኛው የተገኘው ፋክተር ስለሚበቃ ጊዜው ይስተካከላል። ፀረ እንግዳ አካል ካለ ግን የተጨመረውንም ፋክተር ያግደዋልና ጊዜው እንደረዘመ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የፋክተር 8 ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ቅልቅሉ ወዲያው ቢለካ የተስተካከለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ዳግመኛ ሊለካ ይገባል። በአንጻሩ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የተባለው ሌላው ፀረ እንግዳ አካል ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይታያል፤ እርሱ ግን በቱቦ ውስጥ መርጋትን ቢያዘገይም በሰውነት ውስጥ የሚያመጣው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የደም መፍሰስ ሳይሆን የደም መርጋት ነው። ሁለቱን ማምታታት ሕክምናውን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይመራዋል።

ልዩነቱ ከታወቀ ሕክምናውም ይለያል። ፕላዝማ ደጋግሞ መስጠት እምብዛም አይረዳም። ደሙን ለማስቆም የነቃ ፋክተር 7ን የመሰሉ፣ የታገደውን ደረጃ አልፈው የሚሠሩ መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ወይም ፀረ እንግዳ አካሉ በቀላሉ የማያውቀው፣ በአሳማ ፋክተር 8 አምሳል የተሠራ ፕሮቲን ጥቅም ላይ ይውላል። እነዚህ እጅግ ውድ ናቸው። ምንጩን ለማድረቅ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን፣ ብቻውን ወይም ከሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ከሪቱክሲማብ ጋር ይታዘዛል፤ ብዙዎቹም ከሳምንታት በኋላ ይሻላቸዋል። ሆኖም መከላከያው ሲዳከም ለኢንፌክሽን በር ስለሚከፈት ክትትሉ ጥብቅ መሆን አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን ሕመሙን መጠርጠር ይቀድማል። ምክንያቱ ሳይታወቅ እብጠቱን መቅደድ ወይም በጡንቻ መርፌ መውጋት ሊቆም የማይችል የደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። የቅልቅል ምርመራው የሚጠይቀው ግን ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. በሚሠራበት ላቦራቶሪ ላይ የጤነኛ ሰው ፕላዝማ፣ ሙቀቱ የተጠበቀ ውኃ እና ሁለት ሰዓት መታገሥ ብቻ ነው። የአዛውንቱም ሆነ የእናቲቱ ሕይወት በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችል ልናስታውስ ይገባል።