ያውቁ ኖሯል? የቱርቦ ቀለም የሚጠነክረው በእሳት ነው
የቤንዚን ሞተር ጫና ሲበዛበት ወደ ሞተሩ አየር በሚገፋው መሣሪያ፣ በቱርቦው ውስጥ የሚያልፈው ጭስ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል፤ የብረት ቤቱም ማታ ሲያዩት ፍም ይመስላል። ተራ የመኪና ቀለም እዚያ ላይ ጨሶ፣ ጠቁሮ ይረግፋል። የሚያዋጣው በሲሊኮን ሙጫ የተሠራ ሙቀት ቻይ ቀለም ነው። ጉዱ ግን እሱም ደርቆ ሳለ በጥፍር መፋቁ ነው! የሚጠነክረው ደረጃ በደረጃ ሲሞቅ ነው፦ በ120፣ በ200፣ ከዚያ በ315 ዲግሪ ገደማ፣ በየመካከሉ እየቀዘቀዘ። ከተቸኮለ ያብጣል። (እንጀራና ዳቦ የሚጋገርበት ምድጃ ለዚህ አይሆንም።) ከቀለሙ በፊት ዝገቱ በአሸዋ ርጭት ይነሣል፤ የጣት ቅባት እንኳ ቀለም ያስለቅቃል። በርጭቱ ጊዜ የቱርቦው የዘይት ቀዳዳዎች ካልተደፈኑ ግን ገብታ የቀረች የአሸዋ ቅንጣት የቱርቦውን ዘንግ ትበላለች።