ከቄስ እስከ ጉባኤ፦ የቤተ እስራኤል መምህራን

የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ቤተ እስራኤል፣ መምህሮቻቸውን በዓመት አንድ ቀን ባንድ ቦታ የሚያገኟቸው በሲግድ በዓል ነበር። ከማስተሰረያው ቀን ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ የየመንደሩ ቄሶች ከሕዝቡ ጋር ጾመው ወደ ተመረጠ ተራራ ይወጣሉ። ዳገቱን ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣው ብዙ ነው። ላይ ሲደርሱ ኦሪት በግእዝ ይነበባል፤ በሲና ሕግ የተሰጠበት ክፍል ይቀድማል፣ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ቆሞ ሕጉን የሰማበት የነህምያ ምዕራፍም ይከተላል። የተነበበውን ቄስ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማል። ከሰዓት በኋላ ከበሮ እየተመታ ይወረዳል፤ ጾሙም በዳቦና በጠላ ይገደፋል። ከደምቢያ እስከ ወገራና ሰሜን፣ ከዚያም ወልቃይትና ትግራይ ድረስ ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀን ጸሎት ብቻ አልነበረም። ሌላ ጊዜ የማይገናኙ ቄሶች የሚተያዩበትና የሚመካከሩበትም ነበር።

ቄሱ የሚሠለጥነው በመነኮሳት እግር ሥር ነበር። በትውፊቱ ምንኩስናን የጀመሩት በ15ኛው መቶ ዘመን የነበሩት አባ ሰብራ ናቸው። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያ ኦሪቱንና ጸሎቱን በቃሉ ያጠናል። ጎጃም ውስጥ መራዊ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ለቅኔ ወደ ዋሸራ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ከሚያልፍበት መንገድ ብዙም አይርቅም። ቋንቋውም ያው ግእዝ ነው፣ ዕብራይስጥ አልነበራቸውም። ከብራና መጻሕፍታቸውም አንዳንዶቹ የክርስቲያን ጸሐፊዎች የጻፏቸው ናቸው። ይህን ሥርዓት ክፉኛ የጎዳው ከ1888 እስከ 1892 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አገሩን የፈጀው ክፉ ቀን ነው። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሰዉ በረሃብ ረገፈ፤ የመነኮሳቱ መንደሮችም ዳግም እንደ ቀድሞው አልቆሙም። ቄስ የሚያሠለጥን ሰው ሳሳ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ዓይነት መምህር ደርሶ ነበር። በ1860 ሄንሪ ስተርን፣ ራሱ ከአይሁድ ወገን ተወልዶ ክርስትና የተቀበለ ሰባኪ፣ ከለንደን ተልኮ መጣ። አጼ ቴዎድሮስ ሥራውን የፈቀዱለት የሚያሳምናቸው ሰዎች በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ውል ነው። የሚሲዮኖቹ ዋና መሣሪያ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ይህን ትርጉም ካይሮ ተቀምጦ የሠራው አቡ ሩሚ የጎጃም ሰው እንደነበር ይነገራል። ቄሱ በግእዝ የሚያነበውን ጎረምሳው በአማርኛ አንብቦ መጠየቅ ሲጀምር ክርክሩ ከእንግዳውና ከቄሱ አልፎ እቤት ውስጥ ገባ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች ብዛታቸው ትልቅ ባይሆንም፣ ቆይቶ የአይሁድ ትምህርት ቤት የከፈቱት ሰዎች የመጀመሪያውን ተማሪ ያገኙት ከእነሱ መካከል መሆኑ ሳይገርም አይቀርም።

ያ ተማሪ ታምራት አማኑኤል ነው። የአማርኛ አንባቢ «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» በምትለው አጭር ሥራው ያውቀዋል። በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ በፖላንዷ ሎድዝ የተወለደ ወጣት ምሁር በባሮን ኤድሞን ደ ሮትሺልድ ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዘ። መምህሩ ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እና በ1868 ቤተ እስራኤልን ጎብኝቶ ትምህርት ቤት ይከፈትላቸው ብሎ ነበር፣ ሰሚ ግን አላገኘም። ፋይትሎቪች ሲመለስ ሁለት ወጣቶች ይዞ ሄደ፤ አንዱ አስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር የነበረው ታምራት ነው። ፓሪስ በአይሁድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማረ፣ ከዚያም ፍሎረንስ በራባዮች ኮሌጅ ቀጠለ።

ዓለም አቀፉ የአይሁድ የትምህርት ማኅበር አሊያንስ ግን ልቡ አልተከፈተም። በ1908 ራባይ ሐይም ናሁምን ልኮ ነገሩን አስጠናው፤ ናሁምም ትምህርት ቤት መክፈቱ አያዋጣም የሚል ዘገባ አቀረበ። ፋይትሎቪች አልተቀበለውም። በጣሊያን፣ በጀርመንና በአሜሪካ የድጋፍ ኮሚቴዎች አቋቋመ፤ 25 ያህል ልጆችንም በየጊዜው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ፍራንክፈርት፣ ስዊዘርላንድ፣ ፓሪስና ለንደን ወሰደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ልጆቹ ውጭ ተምረው ተመልሰው መንደራቸውን ያስተምራሉ። ችግሩ ያለው «ተመልሰው» የሚለው ላይ ነው። አንዳንዶቹ በበሽታ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። የተመለሱትም ቢሆኑ ይዘውት የመጡት የአውሮፓን ራባዮች ሥርዓት ነው። የቤተ እስራኤል መሥዋዕትና የመንጻት ሕግ ለእነሱ መታረም ያለበት ልማድ ሆኖ ታየ። ለቄሱ ደግሞ ያ ኦሪት ነው።

ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ የተከፈተው በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ታምራት አማኑኤልም አስተዳዳሪ ሆነ። ከተማው የተመረጠው ለመንግሥት ቅርብ ስለሆነ ይመስላል። ከጎንደር አውራጃ መንደሮች ግን የብዙ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ልጁም እዚያ ከደረሰ ወደ ደምቢያ የሚመልሰው ነገር ያንሳል። ቋንቋ የሚያውቅ፣ የተማረ ሰው በጠፋበት ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወዲያው ይወስዱታል። ታደሰ ያዕቆብ እስከ ሚኒስትርነት ደርሷል። ለአገሩ ጥሩ ነው፣ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ግን መምህር አልሆነም። ፋሺስት ጣሊያን በ1936 ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ታምራትም ተሰደደ። ከድል በኋላ በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ አገልግሏል፤ ያረፈው በ1963 ኢየሩሳሌም ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ መንደር በመመለስ ስሙ የሚነሳው ዮና ቦጋለ ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ተወለደ፣ በልጅነቱ ከፋይትሎቪች ጋር ወጥቶ ኢየሩሳሌምና አውሮፓ ተማረ። ተመልሶ አዲስ አበባ አስተማረ፤ በኋላም የትምህርት ሚኒስቴር ሥራውን ትቶ የመንደር ትምህርት ቤቶችን ማደራጀት ያዘ። ዋናው አምቦበር ነበር። የአይሁድን በዓላት ቀን በአማርኛ እያዘጋጀ ማሰራጨቱ ትንሽ ነገር አይደለም። የዓለም አይሁድ ሁሉ በዓሉን የሚያከብረው መቼ እንደሆነ የመንደሩ ሰው ያወቀው ከእሱ ወረቀት ነው።

የአይሁድ ኤጀንሲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስመራ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በ1955 እና በ1956 በሁለት ዙር 27 ወጣቶች ወደ እስራኤል ክፋር ባትያ ተላኩ፤ የኋላው አክቲቪስት ባሩክ ተገኝ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበር። ተምረው መጥተው በመንደሮቹ ዕብራይስጥ ማስተማር ጀመሩ፣ ትምህርት ቤቶችም በዙ። ገንዘቡ ሲቀነስ ግን አብዛኞቹ ተዘጉ። ያኔ ደግሞ መምህሩ ተገኘ፣ ደመወዙ ጠፋ።

ሦስተኛው ሙከራ የሙያ ትምህርት ድርጅቱ ኦርት በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጎንደር ላይ የጀመረው ነው። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠራ፣ መንገድ ጠረገ፣ አይሁድ ላልሆነውም ጎረቤት አገለገለ። ደርግ በ1981 አስወጣው። በዚያው ዘመን ዕብራይስጥ ማስተማር እንደ ወንጀል ታየ፤ መምህራን ታሰሩ፣ ተገረፉም። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የሚወስደውን የስደት መንገድ የከፈተው ፈረደ አክሉም በትግራይ መምህርና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር።

ጎንደር ላይ ኦርት ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ በ1976፣ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ መምህራን ጉባኤ ተካሄደ። አዘጋጆቹ በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ፤ ጉባኤው በኋላ ኬጄ በሚል ምሕጻረ ቃል ታወቀ። በየዓመቱ በነሐሴ አካባቢ፣ ተማሪ ዕረፍት ላይ ሳለ፣ መምህራኑ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሰበሰቡ ነበር። መምህሩ በተማሪ መኝታ ክፍል ያድር ነበር፤ ጠዋት የክፍለ ጊዜዎቹን ዝርዝር ተመልክቶ አንዱን ይመርጥ ነበር፦ ለሰባት ዓመት ልጅ ፋሲካን እንዴት ማስረዳት እንደሚቻል፣ ዕብራይስጥ በዜማ፣ የታልሙድ ገጽ አነባበብ። ሳምንት ሙሉ ብቻውን ክፍል የሚገባ መምህር ሌላው ምን እንደሚያደርግ የሚያየው እዚያ ነበር። ከጉባኤው የተመለሱ እንግሊዛውያን በ1980 ሊሙድ የተባለውን ጀመሩ፤ መጀመሪያ ለመምህራን ብቻ የነበረው ቀስ በቀስ ለማንም ክፍት ሆነ። በሊሙድ የሚያስተምር ሰው አይከፈለውም፣ ደረት ላይ በሚንጠለጠለው ካርድም ማዕረግ አይጻፍም፤ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም በስሙ ብቻ ይጠራል። «አባ» እና «ቄስ» ሳይባል ታላቅ ለማይጠራበት ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ኬጄ በ2009 በገንዘብ እጥረት ተዘጋ፣ በምትኩ ኒውኬጄ ተተካ። ሊሙድ ወደ ብዙ አገር ተዛምቶ እስከ ዛሬ አለ።

ከ1984 ጀምሮ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ተጓጉዟል። ጎረምሶቹ አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። የመምህራኑ ትልቅ ችግር የልጁ ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ ታላቅ ሲናገር ዓይኑን ሰብሮ ዝም የሚለውን ልጅ «አልገባውም» ብለው ወሰዱት። ወላጁም ትምህርት ቤት ሲጠራ የሚለው የለውም፣ ምክንያቱም መምህርን መጠየቅ በአገሩ ነውር ነበር። ቤተሰብና ትምህርት ቤት የሚያገናኙ አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ ሠራተኞች የተቀጠሩት ይህ እየታየ ነው።

የቄሱ ነገር ደግሞ ለብቻው ቀረ። የእስራኤል ራባዮች ቄሶችን እንደ ራባይ አልቆጠሯቸውም፤ በ1985 ሕዝቡ በዋናው የራባዮች ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀምጦ ተቃውሟል። የቄስ ልጅ የሆኑት ዮሴፍ ሐዳኔ ጣሊያን ቱሪን ላይ ራባይነት ተምረው በእስራኤል የቤተ እስራኤል ዋና ራባይ ሆነው አገልግለዋል፤ የአባታቸው ማዕረግና የእሳቸው ግን እኩል አልታየም። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ሲግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ አወጀ፣ ትምህርት ቤቶችም ስለ በዓሉ ማስተማር ጀመሩ። ቄሶቹ ኦሪቱን በግእዝ ማንበባቸውን አላቆሙም፤ እስራኤል ውስጥ ከአባቶቻቸው ተምረው ቅስና የተቀበሉ ወጣቶችም አሉ።