ባንክና ጠባቂው

በወንጌል መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው የጌታውን ገንዘብ ስላጠፋ አይደለም፤ ለለዋጮች ሰጥቶ ከትርፉ ጋር ባለመመለሱ ነው። ነገር ግን ገንዘብን ለለዋጭ መስጠት መልካም የሚሆነው ለዋጩ የታመነ ሲሆን ነው። ሰው ሁሉ የባንኩን መዝገብ ገልጦ ሊመረምር አይችልምና፥ ስለ ሕዝቡ ሆኖ የሚመረምር ጠባቂ ያስፈልጋል። የባንክ ሕግ ሁሉ ሥሩ ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር የተማረችው ቀስ በቀስ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ለ50 ዓመት ብቻውን እንዲሠራ ፈቃድ የተቀበለ፥ አስተዳደሩም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አሰኘው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ደግሞ የአገርን ገንዘብ የማውጣትንና ለነጋዴ የማበደርን ሥራ በአንድ እጅ ይዞ ነበር። ነጋዴ የራሱን ሚዛን ራሱ ቢመረምር ገዢን እንደማያሳምን ሁሉ፥ አበዳሪም የብድርን ደንብ ራሱ ቢጠብቅ አያስተማምንም። ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ጥበቃው ለብሔራዊ ባንክ፥ ንግዱ ለንግድ ባንክ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች በመንግሥት በተወረሱ ጊዜ ግን ጠባቂውና ተጠባቂው እንደ ገና የአንድ ጌታ ሎሌዎች ሆኑ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ኢትዮጵያውያን ባንክ እንዲያቋቁሙ ሲፈቅድ፥ ለውጭ አገር ሰው በሩ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ይህን በር የከፈተው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ነው። በዚህ አዋጅ የውጭ ባንኮች ቅርንጫፍና ተቀጥላ ባንክ እንዲከፍቱ ተፈቀደ፤ በአገር ውስጥ ባንክም የውጭ ሰዎች ድርሻ በጠቅላላው ከ49 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን የወጣው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ደግሞ ባንኩ ለመንግሥት በሚሰጠው ብድር ላይ ወሰን አደረገ።

ብዙ ሰው የሚነጋገረው ስለ ፊተኛው አዋጅ ነው፤ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን በሁለተኛው አለ። እንግዳ የሚበዛበት ቤት ዘበኛው ንቁ ሊሆን ይገባዋልና። ጠባቂው ለባለጸጋ ባንክ ቢያደላ፥ ወይም ለመንግሥት ችግር ሲል ዓይኑን ቢጨፍን፥ ጉዳቱ የሚወድቀው ለልጇ ትምህርት ጥቂት ብር ባጠራቀመች መበለትና የምእመናንን መባ ባስቀመጠ ደብር ላይ ነው። በ1913 ሳይሆን በዘመናችን፥ በ2013 ዓ.ም. በደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለእንደነዚህ ያሉት የታሰበ ነው፤ ይሁን እንጂ መድን የሚረዳው ባንክ ከወደቀ በኋላ ሲሆን፥ የጠባቂው ሥራ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው።

ስለዚህ መርማሪዎቹ የተማሩ፥ ፊት አይተው የማያደሉ፥ ያገኙትንም ጉድለት ሳይፈሩ የሚናገሩ እንዲሆኑ ማድረግ የባለሥልጣኖች ሁሉ ግዴታ ነው። ጠባቂው የታመነ በሆነ ጊዜ ሕዝቡ መክሊቱን ከምድር ቆፍሮ ያወጣል።