ባለቀለም ብር
ቅድመ አያቶቻችን የማሪያ ትሬዛን ጠገራ ብር የሚቀበሉት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያለውን ዕንቁ እየመረመሩ ነበር፤ ከ28 ግራሙ ውስጥ በሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ስለ ሆነ ዋጋው ከራሱ ነው። ባለቀለሙ የብር ሳንቲም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ፓላው የባሕር ፍጥረታትን በቀለም አስጊጣ ካወጣች ወዲህ፥ አውስትራልያና ካናዳ ሳይቀሩ ይህንኑ ይዘዋል። ቀለሙን ብዙ ጊዜ የሚያሳርፈው ለስላሳ የጎማ ማኅተም ነው፤ ከተቀረጸው ሰሌዳ ላይ ያነሣና ብሩ ላይ ይጫነዋል። የወፉ ላባ በብሩ ነጸብራቅ ላይ ሲታይ፥ እውነቱን እንናገር፥ ዓይን ይማርካል። የሚወጣውም በተወሰነ ቍጥር ነውና ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። እኛ ግን ሥዕሉን ስለ ወደድነው እንግዛው እንጂ ትርፍ አንጠብቅበት እንላለን። ከመካከላችን አንዱ ከኪስ ገንዘቡ ቈጥቦ የገዛውን ሊወለውል ብሎ የወፉን ክንፍ አስለቀቀው፤ አሁን ሰብሳቢ አይነካለትም፥ አንጥረኛውም የሚከፍለው ለሚዛኑ ብቻ ነው።