«እያጠባሁ አላረግዝም»?

እህቴ ሆይ፣ ልጅሽን ገና እያጠባሽ ነው? የወር አበባሽስ አልተመለሰም? እንግዲያው «ለጊዜው አላረግዝም» ብለሽ ልብሽ አርፎ ይሆናል። ብዙ እናቶች እንዲህ ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ልክ አለው። ይህን ልክ ያላወቀች እናት የሚቀጥለውን እርግዝና የምታውቀው ሆዷ መግፋት ሲጀምር ሊሆን ይችላል።

ማጥባት ከእርግዝና የሚከላከለው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ነው፦

1. ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣
2. ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ፣
3. የወር አበባ ካልተመለሰ።

ሦስቱ ከተሟሉ በእነዚህ ስድስት ወራት ከ100 እናቶች የሚያረግዙት 2 ያህል ቢሆኑ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን፣ ለምሳሌ ሕፃኑ ጡጦ ወይም አጥሚት ከጀመረ፣ በማጥባት ብቻ መተማመን አይቻልም።

«የወር አበባዬን ሳላይ እንዴት አረግዛለሁ?» ትዪ ይሆናል። እንቁላል የሚወጣው የወር አበባ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያው እንቁላል ደም ከመታየቱ በፊት ሊወጣ ይችላል። ደሙን የምትጠብቅ እናት ቀኑ አልፏት ይሆናል።

የወር አበባሽ ከተመለሰ በኋላስ? በየ28 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ እንቁላሉ የሚወጣው በ14ኛው ቀን አካባቢ ነው። እንቁላሉ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ባሉት 5 ቀናትም ግንኙነት ከተደረገ እርግዝና ሊከተል ይችላል። በተለይ ከወሊድ በኋላ ቀኑ ስለሚዛባ ቆጠራ ብቻውን አያስተማምንም።

ይህን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። ቶሎ የተደገመ እርግዝና እናቲቱን ለደም ማነስ፣ ሕፃኑንም ያለ ጊዜው ለመወለድና ለክብደት ማነስ ሊያጋልጥ ይችላል።

ወንድሜ ሆይ፣ ይህ የባለቤትህ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጃችሁን ለ45 ቀን ክትባት ስትወስዱ አብረሃት ሂድ። «ለምታጠባ እናት የሚስማማው መከላከያ የትኛው ነው?» ብላችሁ የጤና ባለሙያውን በአንድነት ጠይቁ። የሚቀጥለው ልጃችሁ በደስታ የምትጠብቁት እንግዳ ይሁን።