የምርመራ ውጤት መርዶ አይደለም



በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚገኘው የጡት ካንሰር ነው። ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጆች እናታቸውን ለትንሽ እብጠት ያሳከሙ መስሏቸው ይሄዱና በሽታው ሥር መስደዱን ሰምተው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ዜና በድንገት ቤት ሲገባ ቤተሰብ፣ ጉባኤና የፕሮጀክት ሠራተኛ ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ሳይታሰብ የሚመጣው ለምንድን ነው?

የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እብጠቱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሕመም ስለሌለው እናት ችላ ትለዋለች፤ ወይም ብጉንጅ ነው ብላ ታልፈዋለች። ልጆቿን አጥብታ ካሳደገች በኋላ ጡቷን ለሌላ ሰው ማሳየትም ያሳፍራታል። የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፣ በብብት ሥር ንፍፊት ሲወጣ ወይም ቁስል ሲከፈት ግን በሽታው ቆይቷል ማለት ነው። ስለሆነም ልጆች «እንዴት ሳናይ ቀረን?» እያሉ ራሳቸውን ሊወቅሱ አይገባም። የተሸፈነና የማያም ነገር ለቅርብ ሰውም አይታይም።

«ገፍቷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐኪሞች በሽታውን ከ1 እስከ 4 ባሉት ደረጃዎች ይከፍሉታል። በደረጃ 3 ካንሰሩ በጡቱ ዙሪያ ሰፍቶ ብዙ የብብት ዕጢዎችን፣ ቆዳን ወይም የደረትን ግድግዳ ይዟል። ይህም ቢሆን ለማዳን ታስቦ ሊታከም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ይሰጣል፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም ጨረር ይከተላል። በደረጃ 4 ደግሞ ወደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ተሠራጭቷል። በዚህ ጊዜ በሽታው ጨርሶ ይጠፋል ተብሎ አይጠበቅም፤ ነገር ግን በመድኃኒት ሊገታና ሥቃዩ ሊቀንስ ይችላል። በሕክምና እየተረዱ ዓመታት የሚኖሩም አሉ።

ብዙዎቹ የጡት ካንሰሮች በሴት ሆርሞን የሚያድጉ ናቸው። ለእነዚህ እንደ ታሞክሲፌን ያለ በየቀኑ በቤት የሚዋጥ ኪኒን ይረዳል። ይህም የሚታወቀው ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ወደ ሐኪሙ ሲገባ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ ይያዝ፦ ደረጃው ስንት ነው? ወዴት ደርሷል? ናሙናው ለሆርሞን ተመርምሯል? ሕክምናው ለማዳን ነው ወይስ በሽታውን ለመግታትና ለማስታገስ? ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል? ወጪውስ ምን ያህል ነው? በሬ ወይም መሬት ከመሸጡ በፊት የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መገኘት አለበት። በወሬ ተነሥተው ጥሪታቸውን የሚጨርሱ ቤተሰቦች መኖራቸውን እናውቃለንና።

ከእናት ይሸሸግ ወይስ ይነገር?

በባህላችን ሰው ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ መርዶ ይነግራል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ነገሩ ተሸሽጎ ይቆያል። ይህ ሥርዓት ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ የሚጠብቅ መልካም ሥርዓት ነው። ችግር የሚመጣው ሕያው ለሆነች ታማሚ ይኸው ሥርዓት ሲሠራባት ነው። ልጆች ውጤቱን ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድሩም ይሰማል፤ የማታውቀው እርሷ ብቻ ትሆናለች። እርሷም ከልጆቿ ዓይን አንብባ ታውቅና እነርሱን ላለማስጨነቅ ዝም ትላለች። እንዲህ ሆኖ በአንድ ቤት ሁሉም እያወቀ ሁሉም ብቻውን ያለቅሳል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ምን እንዳመማት ያላወቀች እናት ፀጉሯን የሚያረግፍ፣ የሚያስመልሳት ሕክምና ለምን እንደምትታገሥ አይገባትም፤ ስለዚህም በመካከል ታቋርጠዋለች። ከዚህም በላይ የምትፈጽመው የራሷ ጉዳይ አላት። የመሬት ነገር፣ ያልተከፈለ ብድር፣ የተቀየመችው ዘመድ፣ ያልተዳረ የመጨረሻ ልጅ ይኖራል። እውነቱን ስንነፍጋት ይህን የምታደርግበትን ጊዜ ነፈግናት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እውነት በአንድ ቀን እንደ ድንጋይ አይወረወርም። አስቀድሞ ፈቃዷን መጠየቅ ይገባል፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ እንንገርሽ? ወይስ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን?» «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልፈልግም» ካለችም ምርጫዋ ይከበር። በአረብ አገር ወይም በአሜሪካ ያለው ልጅም ነገሩን ከሌላ ሰው እንዳይሰማ በጊዜው ይነገረው። ከሩቅ ሆኖ የሚረዳ ልጅ እውነቱን ካላወቀ ገንዘቡንም ጉዞውንም ማቀድ አይችልም።

ሥቃይ ዕጣ ፈንታ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1967 ዶክተር ሲስሊ ሳንደርስ በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ። የማይድን ሕመምተኛ ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የአሳብ፣ የቤተሰብና የመንፈስም ጭምር መሆኑን አስተማሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰርን ሕመም ከቀላል መድኃኒት ጀምሮ እስከ ሞርፊን ድረስ ደረጃ በደረጃ ማስታገስ እንደሚገባ መመሪያ አወጣ። መድኃኒቱ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጣል። ልጆች «ሱስ ይሆንባታል» ብለው ሞርፊን ሊከለክሏት አይገባም፤ በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ይህ ፍርሃት ሊያግደን አይገባም። ሆድ ማድረቁ ግን የተለመደ ስለሆነ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይጠየቅ።

ቁስሉ ከሸተተ እናት አፍራ ከሰው ትሸሻለች። ለዚህም መላ አለ። የተፈጨ ሜትሮኒዳዞል በቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ሽታውን ይቀንሳል፤ አጠቃቀሙን ነርስ ታሳይ።

ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። እነርሱም በኬሞቴራፒ ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ከጀርባ ሕመም ጋር የእግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር፣ እንዲሁም የትንፋሽ ማጠር ናቸው።

ሸክሙን መከፋፈል

በብዙ ቤት ማስታመሙ ሁሉ በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዱ ወደ ሆስፒታል ይውሰድ፣ አንዷ ታጥባት፣ አንዱ ገንዘቡን ይያዝ፣ ሌላው መድኃኒት የሚሰጥበትን ሰዓት ይመዝግብ። የምታስታምመው ልጅም በሳምንት አንድ ቀን ትረፍ።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ከእናት ጋር ከአንድ መሶብ መብላት፣ ማጉረስ፣ የልጅ ልጇን ማሳቀፍ ይቻላል። በዘር የሚመጣው ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሴት ልጆቿና እኅቶቿ ለሐኪም ነግረው ቢመረመሩ መልካም ነው።

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ጠያቂዎች ጉብኝታችሁ አጭር ይሁን፤ ስትሄዱም ውኃ ቅዱላት፣ እንጨት ፍለጡላት። «ምን ሠርታ ነው?» አትበሉ። «ተፈውሰሻልና መድኃኒቱን ተዪ» የሚል ቃልም ከአፋችሁ አይውጣ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ ጸሎትና ሕክምና ጠላቶች አይደሉም። ካልዳነች ደግሞ እምነቷ ጎድሏል ተብሎ በሕመሟ ላይ ሌላ ሸክም አይጨመርባት።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ የሪፈር ወረቀቱን በየደረጃው እንዲያወጣ እርዱት። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን በመሰሉ የክልል ከተሞችም ተጀምሯል። ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ታማሚዎች ማደሪያ በማዘጋጀት የሚረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ ታማሚዎችን በቤታቸው እየሄደ ያስታግሳል።

እንግዲህ እናት በሕይወት ሳለች ለቅሶ አንቀመጥባት። ውጤቱ ከባድ ዜና ነው፤ መርዶ ግን አይደለም። ከእርሷ ጋር ተቀምጠን የምንነጋገርበት፣ የምናሳክምበትና የምንመረቅበት ጊዜ ገና አለን።