አንገተ ብርሌ እንዴት ይሠራል?

ቤታችሁ ብርሌ ካለ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና ደህና አድርጋችሁ እዩት። አንገቱ ረጅምና ቀጭን ነው። ከአንገቱ በታች ግን ሆዱ ክብ ነው፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ጠጅ ጠጅ ይሸታል። አሁን አንዲት ልጅ «አንገተ ብርሌ» ስትባል አስቡ። ክብ ሆድ የታየው አለ? ጠጅ የሸተተውስ? የለም። የአንገቱ ርዝመትና ቅጥነት ብቻ ወደ ልጅቷ ተሻገረ፣ ሌላው እዚያው ብርሌው ላይ ቀረ።

ትምህርት ቤት ተነጻጻሪ ዘይቤ ብለን የተማርነው ነገር ወንፊት ነው ማለት ይቻላል። ብርሌውን እንዳለ እንጨምርበታለን፤ ለአንገት የሚሆነው ይወርዳል፣ ለአንገት የማይሆነው ከላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ አእምሯችን የሚጨርሰው ሳናስተውለው በቅጽበት ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ፍጥነቱ ነው።

ወንፊቱ ሲደፈን ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ፋን ፊክሽን ጥሩ ቦታ ነው። አድናቂዎች ከሚወዱት መጽሐፍ ወይም ፊልም ገጸ ባሕርያቱን ወስደው የራሳቸውን ታሪክ ይጽፉላቸዋል፤ አብዛኛው ታሪክ ፍቅር ነው፣ ፍቅሩም በንጽጽር የተሞላ ነው። ለሙከራ እንዲሆነን በዚያ አጻጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ልሥራ፦ «ዓይኖቹ እንደ መረግድ የሚያበሩ ጥልቅ ውቅያኖሶች ሆነው እንደ እሳት ነደዱባት።»

እርሳስ አንሡና ይህን ዓይን ሳሉት። መረግዱ ደረቅና ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ውቅያኖሱ ፈሳሽና ዳርቻ የሌለው፤ እሳቱ ውኃው ላይ መንደድ አለበት። ለየብቻቸው ቢሆኑ ሁሉም ያልፉ ነበር፤ ከመረግዱ አረንጓዴነት፣ ከውቅያኖሱ ጥልቀት፣ ከእሳቱ ሙቀት ይወርድ ነበር። አንዱ ወርዶ ሳያልቅ ሌላው ሲከመርበት ግን አንባቢው ማጣራቱን ትቶ ክምሩን ማየት ይጀምራል። ጥፋቱ ጸሐፊው ስሜቱን ማብዛቱ አይደለም። ፍቅር የያዘው ሰው ማጋነኑ እውነት ነው፤ ቢቆጥብ ነው የምጠረጥረው።

ደግሞም ከተለመዱት ንጽጽሮች አንዳንዶቹ ከምንገምተው በላይ ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የስቴፈኒ ሜየር «ትዋይላይት» ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው ኤድዋርድ ቫምፓየር ነው፤ ቆዳው ነጭ፣ ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው። በእሱ ዙሪያ የሚጽፉ አድናቂዎችም ቆዳውን ከዕብነ በረድ ጋር ማነጻጸር ይወዳሉ። ሰው ድንጋይ ነው ወይ ከማለታችሁ በፊት ማታ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ጣታችሁን አምፖሉ ላይ ግጠሙ።

ጣታችሁ ቀላ፣ አይደል? ብርሃኑ ቆዳው ላይ ነጥሮ ብቻ አልተመለሰም። ውስጥ ገብቶ፣ ወዲያና ወዲህ ተበትኖ ነው የወጣው። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ደማችን አብዝቶ ስለሚውጥ ለዓይናችን የተረፈው ቀዩ ነው። ዕብነ በረድም ብርሃንን ጥቂት አስገብቶ ይበትናል፤ ወተትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሄንሪክ ቫን የንሰንና ባልደረቦቹ ይህን የብርሃን መበተን በኮምፒውተር የሚያሰላ ዘዴ ሲያሳትሙ፣ በምስል ካሳዩዋቸው ነገሮች መካከል ዕብነ በረድ፣ ወተትና የሰው ፊት ነበሩ። ሦስቱን ያገናኛቸው ፍቅር ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ዕብነ በረዱ ለኤድዋርድ ይሠራል፤ ቅዝቃዜውም ጥንካሬውም አብሮ ቢወርድ ልክ ነው። እዚያው ታሪክ ውስጥ አፍራ ፊቷ ለሚቀላ፣ እጇ በላብ ለሚርስ ልጅ ሲሰጥ ግን አይሠራም። ዕብነ በረድ አያፍርም።

ዓይንንና ኮከብንም ሞክሩ። ቀን መስኮት ፊት ቆማችሁ ዓይናችሁን በመስታወት እዩ፤ ብሌኑ ላይ የመስኮቱን ትንሽ ምስል ታገኛላችሁ። ያ ብልጭታ የዓይን እርጥበት የመለሰው የውጭ ብርሃን ነው። ኮከብ ግን ብርሃኑ የራሱ ነው። ስለዚህ ሻማ አጠገብ የተቀመጠች ፍቅረኛ ዓይኗ እንደ ኮከብ ቢያበራ እስማማለሁ፤ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሲያበራ ግን ጸሐፊው ሻማውን ረስቶታል።

ሌላ ቀላል ሙከራ ንጽጽሩን መገልበጥ ነው። «ብርሌው እንደ እሷ አንገት ነው» በሉ። አሁን የተሞገሰው ብርሌው ሆነ። የሥነ ልቦና ሊቁ አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው መመሳሰል አቅጣጫ አለው፤ ልጁ አባቱን መሰለ እንላለን እንጂ አባትዬው ልጁን መሰለ ማለት ይከብደናል። ገልብጣችሁት ምንም ለውጥ ካላመጣ፣ መጀመሪያውኑም ብዙ አልሠራም ማለት ነው።

ዝርዝር ሲበዛ ይበላሻል የሚል ካለ መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4ን ያንብብ። ተናጋሪው የሚወዳት ሴት ጥርሶች እዚያ ከበግ መንጋ ጋር ይነጻጸራሉ፤ በጎቹም የተሸለቱ፣ የታጠቡ፣ መንታ የወለዱ፣ መካን የሌለባቸው ናቸው። ብዙ ይመስላል። አንድ በአንድ ግን አውርዱት፤ ከሸለታው እኩልነት፣ ከእጥበቱ ንጣት፣ ከመንታው የላይና የታች ጥርስ መገጣጠም፣ መካን ካለመኖሩ አንድም ጥርስ አለመጉደሉ። ወንፊቱ ላይ የቀረ ነገር ያለ አይመስለኝም። እረኛ በሚያውቀው መንጋ የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ዝርዝር ሥራ አለው።

ወደ እኛ ዓረፍተ ነገር ስንመለስ መረግዱንና ውቅያኖሱን አንሥቼ እሳቱን ብቻ አስቀረዋለሁ፤ እሳት ሥራ እንዲያገኝ ደግሞ የሚሞቀው ሰው ይፈልጋል። «ብርድ ላይ ቆይታ እሳት ዳር የደረሰች ያህል፣ ሲያያት ጉንጯ ሞቀ።» የእናንተ ከዚህ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ጻፉት፣ ከዚያ ገልብጡት።